ሲደብቅ የሚታይ ሰው፦ ለተማሪዎች ልብ አንጠልጣይ ፊልም ተዋናይ እንዴት ይመረጣል?

ጅማ ውስጥ «ለፊልም ተዋናይ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፉ፤ አብዛኛው ሰው ማልቀስና መጮኽ እንደሚችል ሊያሳያችሁ ይመጣል። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ግን የሚፈልገው መደበቅ የሚችል ሰው ነው።

ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት ገጸ ባሕርያቱን ቁጠሩ። ለ15 ደቂቃ ፊልም ሦስት፣ ቢበዛ አራት ይበቃሉ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ተዋናይ ተጨማሪ የፈተና ፕሮግራም ይዞ ይመጣል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በግራ የሚናገሩትን፣ በቀኝ የሚያውቁትን ጻፉ። ቅኔ የተማረ ሰው «ይህማ ሰምና ወርቅ ነው» ቢላችሁ አልተሳሳተም። ለምሳሌ ከአንድ መጋዘን 30 ኩንታል ቡና ጠፍቷል እንበል። ጥበቃው ጋሽ ከድር «ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ ነበር» ይላሉ፤ በሩን የከፈተው የገዛ ልጃቸው መሆኑን ግን ያውቃሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሰሚራ «ቁልፉ አንድ ብቻ ነው» ትላለች፤ ሁለተኛው ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት የሆነበትን ገጸ ባሕርይ ወይ ምስጢር ስጡት፣ ወይ ሰርዙት።

በመረጣው ቀን ረጅም ንግግር አታስጠኑ። ለተፈታኙ ቁልፍ ስጡትና መዳፉ ውስጥ ይደብቀው። ሌላ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ታናሽ እህቱ ይጠይቀው። ሥራው ሳይደናገጥ መመለስ ብቻ ነው። በስልክ ቅረጹት፤ ማታ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱት። እጁን አሥር ጊዜ የሚያየው አጋንኗል፤ ቁልፉን ጨርሶ የረሳው ደግሞ አልተወነም። «ቤት ማን አለ?» ሲባል ለአፍታ ትንፋሹን የያዘውን እንዳታጡት። (ክረምት ከሆነ ይህን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሞክሩት፤ የጅማ ዝናብ ከተፈታኙ በላይ ይጮኻል።)

ፊቱ ብዙ ባይንቀሳቀስ አትስጉ። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ያገጣጠመበት ሙከራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ረሃቡንና ኀዘኑን የሚጨምረው ተመልካቹ ራሱ ነው።

ለክፉው ሰው ቅንድቡን የሚቋጥር አትምረጡ። ጓደኞቹ ሻንጣቸውን አደራ የሚሰጡትን ልጅ ፈልጉ። ከዚያ ቡና አፍሉና ከሰሚራ ጋር አስቀምጧቸው፤ በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። ክፉው ሰው፣ ማለትም ደላላው፣ በአቦል ስለ ዝናቡ ያወራል። በቶና የእናቷን ጤና ይጠይቃል። በረካው ሲቀዳ ስኒውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ መርቆ፣ «ሁለተኛውን ቁልፍ የት አስቀመጥሽው?» ይላል። ድምፁ ከአቦሉ ጊዜ በጥቂቱም መለወጥ የለበትም። ሰሚራም መቅዳቷን ከማቋረጥ ይልቅ የምትቀዳውን ስኒ ትንሽ ታትረፍርፈው፤ ይፍሰስ።

ቋንቋውንም አስቡበት። በጅማ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይውላሉ፤ ተዋናዮቹ በየትኛው እንደሚቆጡ፣ በየትኛው እንደሚለምኑ በልምምድ ይለዩ። አፋን ኦሮሞ የማይሰማ መስሎ ከተቀመጠ ሰው አጠገብ ሁለት ሌቦች በነፃነት ሲያወሩ ሽጉጥ አያስፈልጋችሁም።

በመጨረሻ የቀረጻ ቀኑን፣ ልብሱንና የፀጉሩን ሁኔታ በወረቀት አስፍራችሁ አስፈርሙ። እኛ ፀጉሩን ረሳነው፤ ዋናው ተዋናያችን በቀረጻው መካከል ለዒድ ተላጭቶ መጣ። በፊልማችን ውስጥ ሰውየው በመጋዘኑ በር ጎፈሬ ሆኖ ገብቶ ራሱን ተላጭቶ ይወጣል።