ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ዕቃ ስትገዙ የምትሸወዱባቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ የቤተሰብ የሙዚቃ ሸክላ ለመገልበጥ ካሰባችሁ፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ማስመጣታችሁ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገራችሁ አይቀርም። ካልሆነላችሁ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ተመልሶ መቀየር አለ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

አንደኛው ስህተት ከላፕቶፑ መጀመር ነው። ላፕቶፑ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ድምፅ ለመቅዳት አሮጌውም ይበቃል፣ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌርም በነፃ ይጫናል። ገንዘባችሁን መርፌው ላይ አውሉት። ቅጂው ቢበላሽ ትደግሙታላችሁ፤ ሸክላው ከተፋቀ ግን አለቀ።

ለዚህም ነው በሻንጣ መልክ የሚሸጠውን ርካሽ ማጫወቻ የማልወደው። ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ብዙውን ጊዜ የሴራሚክ መርፌ (ድምፁን የሚያነሳው ክፍል ከሴራሚክ የተሠራ) ነው ያለው፣ ሸክላውን በ5 ግራም ገደማ ይጫነዋል፣ ክብደቱን ለመቀነስም ማስተካከያ የለውም። ደህና ማግኔታዊ መርፌ 2 ግራም አካባቢ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ከአሜሪካ የሚላክ የድሮ ማጫወቻ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። «ትራንስፎርመር ገዝቼ 220ውን ወደ 110 አወርደዋለሁ» ይላል። ቮልቱ ይወርዳል፣ ልክ ነው። ድግግሞሹስ? የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50፣ ትራንስፎርመር ደግሞ ይህን አይነካውም። የብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተር የሚዞረው በመብራቱ ድግግሞሽ ልክ ስለሆነ፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ ወደ 28 ገደማ ይወርድና ጥላሁን ገሠሠን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሲጎተት ትሰሙታላችሁ። ለአንዳንዱ ሞተሩ ላይ የሚገጠም፣ ፍጥነቱን የሚያስተካክል የ50 ኸርዝ ፑሊ ነበረው፤ አሁን እሱን ፈልጎ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። በሶፍትዌር ማስተካከልም ይቻላል፣ ግን ምን አስጨነቃችሁ? ዘመዳችሁን አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል፣ በዲሲ ሞተር (ፍጥነቱ በመብራቱ ድግግሞሽ በማይወሰን) የሚሠራ ላክልኝ በሉት።

ማጫወቻውን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ መሰካትም አያዋጣም። የላፕቶፑ ማይክ መግቢያ ብዙውን ጊዜ ሞኖ ነው። ከማግኔታዊ መርፌ የሚወጣው ሲግናል ደግሞ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ ሸክላ ሲታተም ባሱ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። ሲግናሉን የሚያጎላውና ያንን መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ነው። እንደ ቤሪንገር ዩኤፍኦ202 ያለች ትንሽ ዕቃ ፕሪአምፑንም ዩኤስቢውንም አንድ ላይ ይዛለች። ማጫወቻችሁ ውስጡ ፕሪአምፕ ካለው ግን አንዱን አጥፉ፣ ሁለቱ ከተደራረቡ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ማጫወቻው የኧርዝ ሽቦ ካለው እሱንም ፕሪአምፑ ላይ ማሰር አትርሱ፣ አለዚያ እምምም የሚል ድምፅ አይለቃችሁም።

ባለ 78 ዙር ሸክላ ካላችሁ የራሱ ሰፊ መርፌ ያስፈልገዋል። የአምሃ ሪከርድስና የካይፋ ሪከርድስ አብዛኞቹ ሸክላዎች ግን ባለ 45 ዙር ትንንሾቹ ናቸው፤ የተለመደው መርፌ ይሆናቸዋል። መሐል ላይ ያለው ቀዳዳቸው ሰፊ ከሆነ ቀዳዳውን የምትሞላውን ማስገቢያ አብራችሁ ግዙ።

ሻጩ 192 ኪሎ ኸርዝ (ሲቀዳ ድምፁ በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ ይለካል ማለት ነው) ብሎ ቢያዋክባችሁ አትስሙት። ለተጫረ አሮጌ ሸክላ 44.1 ይበቃል። 24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ የሚያሳይ ነው) ካለው ግን ያዙት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ያለ ስጋት ለመቅዳት ይመቻል።

የበጋው ነፋስና አቧራ ስላለ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ የግድ ነው፣ ከእያንዳንዱ ሸክላ በፊት ጥረጉ። ስትቀዱ ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት፣ በባትሪ ሲሠራ ጫጫታው ይቀንሳል።