ጠርዙ የሚጠቀለለው የአንገት ልብስ

የደብረ ማርቆስ የክረምት ብርድ አይጣል ነውና ለእናቴ ጥቁር ሰማያዊ የአንገት ልብስ በሹራብ መርፌ ጀመርሁ። 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ስደርስ ሁለቱ ጠርዞች እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቀለሉ። አርጥቤ፣ ወጥሬ አሳደርሁት፤ ክሩ ሰው ሠራሽ ስለሆነ በማግስቱ ያው ሆነ።

ለካ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ጉብጉብ ሲሆን ሁለቱ ገጾች እኩል አይሳሳቡም። አንጀቴ እያረረ ሁሉንም ተረተርሁት። እንደገና ስጀምር በየመስመሩ ዳርና ዳር ያሉትን አምስት አምስት የክር ቀለበቶች፣ ስሄድም ስመለስም፣ በአንድ ዓይነት አሠራር ሠራኋቸው። ከታች ደግሞ ስድስት መስመር ሙሉውን እንዲሁ። አሁን ጠርዙ በሁለቱም ገጽ ጉብጉብ ሆኖ ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

ነጭ ጋቢ ላይ ዘርግቼ በስልኬ ፎቶ ሳነሳው ግን ከሰል መሰለ። የጋቢው ንጣት ካሜራውን ያታልለዋል። በር አጠገብ ወስጄ፣ ስክሪኑ ላይ ልብሱን ነካ አድርጌ ብርሃኑን ከፍ ሳደርገው ሰማያዊነቱ ተመለሰ።

ቀለበት ስቆጥር የተጓጎለውን ሽሮ እንኳ ተዉት፤ ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ ነበረብኝ።