ካሜራ ከፍቶ ጠብ ፍለጋ የመጣ ሲገጥም

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ፣ ስልኩን ላይቭ ከፍቶ በርበሬ ወፍጮ ቤት ወይም ልኳንዳ ዘው ብሎ «ባዕድ ነገር ትቀላቅላላችሁ!» የሚል ሰው የሚፈልገው መልስ አይደለም፤ ቁጣ ነው። የተነጠቀ ስልክ ወይም አንድ ስድብ ካገኘ ቪዲዮው ተሠራለት።

ዝግጅቱ ቀድሞ ያልቃል። የንግድ ፈቃዱ በሚታይ ቦታ ይሰቀል፣ የዋጋ ዝርዝር ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ። ይህ የሕግ ግዴታ ነው፤ ከጎደለ ቪዲዮ ቀራጩ እውነተኛ ወሬ አገኘ ማለት ነው። «ያለ ፈቃድ ቪዲዮ መቅረጽ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ከበሩ ውጭ ይሁን፤ ከገባ በኋላ የሚነበብ ማስታወቂያ ለክርክር ይዳርጋል።

በየፈረቃው የሚናገር አንድ ሰው ይመደብ፤ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥሉ። ቶሎ የሚናደደው ባለቤት ራሱ ከሆነ እሱ ጓዳ ይግባ። ጥበቃው ዱላውን ከበሩ ጀርባ ያስቀምጥ። ዱላ መያዝ ለጎጃም ሰው የዕለት ልማድ ነው፤ በስክሪን ላይ ግን በእጅ ያለ ዱላ ሁሉ ሊያርፍ የተነሣ ይመስላል።

ተናጋሪው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ እጁን ዝቅ አድርጎ ይቁም። ሌንሱን በመዳፍ መሸፈን ለተመልካች ጥቃት ይመስላል። የሚባለው አጭር ነው፦ «ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጡ። እዚህ ውስጥ መቅረጽ አልፈቀድንም። ቅሬታ ካለዎት ካሜራውን ይዝጉና ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ ካልሆነ እባክዎ ይውጡልን።» እምቢ ካለ ያንኑ ይድገም። አዲስ ክርክር መጨመር አያስፈልግም፤ «ውጡ» መባሉ ግን በግልጽ መሰማት አለበት፣ ኋላ ለፖሊስ የሚጠቅመው እሱ ነው። በር ቆልፎ ማስቀረት፣ ስልክ መቀማት ወይም «አጥፋው» ብሎ ማስገደድ ከሳሹን ተከሳሽ ያደርጋል።

ወሰኑን እወቁ። በረንዳችሁ የእናንተ ነው፤ ኮብልስቶኑ መንገድ ግን የእናንተ አይደለም። መንገድ ላይ ቆሞ የቤታችሁን ፊት ለፊት የሚቀርጽን ሰው ልታስወጡት አትችሉም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ግን በአደባባይ የተፈጸመን ወይም ሕዝብን የሚመለከት ጉዳይ ይለያል። ስለዚህ ጠንካራው መከራከሪያችሁ የግድግዳችሁ መታየት ሳይሆን የአስተናጋጇና የደንበኛው ፊት ነው።

ከንግድ ቢሮ ወይም ከጤና የመጣ ተቆጣጣሪን ከቲክቶከር ጋር አታምታቱ። መታወቂያና ደብዳቤ ጠይቁ፤ ካሳየ አስገቡት።

የራሳችሁንም ቅረጹ፤ አንድ ሠራተኛ ከጥግ ሆኖ፣ ሳይናገር፣ ከበሩ እስኪወጣ። የደኅንነት ካሜራ ካላችሁ በዚያው ቀን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ዲቪአሩ (የካሜራው መቅጃ ማሽን) ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እየሰረዘ ነው የሚቀዳው። ሰዓቱንም ተመልከቱ። የውስጥ ባትሪው ከደከመ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል። ሰዓቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ፖሊስ «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን ማሽኑ 15 ሰዓት ይለዋል፤ ቃል ስትሰጡ ሁለቱንም አስመዝግቡ።

ቪዲዮው ከተለቀቀ መጀመሪያ ሊንኩን ያዙ፣ ስክሪኑን ቅዱ፤ ሪፖርት ማድረግ ከዚያ በኋላ ነው። ከጠፋ ማስረጃችሁም አብሮ ይጠፋል። ዩቲዩብ የግል ምስል አቤቱታን የሚቀበለው በአጠቃላይ ከምስሉ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ አስተናጋጇ በራሷ ስም ትሙላ። አቤቱታው ሲቀርብ ለለቀቀው ሰው ራሱ እንዲያነሣው ወይም እንዲያስተካክለው የ48 ሰዓት ዕድል ሊሰጠው ይችላል። አስተያየት መስጫው ውስጥ ገብቶ መሟገት ቪዲዮውን ወደ ላይ ከመግፋት በቀር ጥቅም የለውም። መልስ ካስፈለገ በራሳችሁ ገጽ፣ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ፣ ቀራጩን ሳይጠሩ፦ በርበሬው ሲለቀም፣ ሲፈጭ፣ የገዛችሁበት ደረሰኝ። ቅሬታው እውነት ከሆነ ደግሞ ዕቃውን አንሡና ይህንኑ ተናገሩ።

«ይህን ያህል በቴሌብር ላክ፣ አለበለዚያ እለቀዋለሁ» የሚል መልእክት ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የከፈለ ለሁለተኛው ይጠራል። አትክፈሉ፣ አትሳደቡ፣ መልእክቱን አታጥፉ። በኮምፒውተር ማስፈራራት በአዋጅ 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ መልእክቱ ያለበትን ስልክ ራሱን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።