ፀሐይን፣ ፕላኔቶችንና ጨረቃዎችን በመጠን ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች ሳይንስ አስጠናለሁ። የሰማይ አካላት ላይ ስንደርስ በየዓመቱ የሚገጥሙኝ ስህተቶች ያው ናቸው። ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ ወላጆችም እንደዚያው ነን።

አንደኛው ሥዕሉን እንዳለ ማመን ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፖስተር ፀሐይንና ስምንቱን ፕላኔቶች አንድ ወረቀት ላይ ያጭቃቸዋል። ያየ ሁሉ ፀሐይ ጁፒተርን እጥፍ ብትበልጥ ነው ብሎ ይገምታል። እኔ ምጣድ አወጣለሁ። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእንጀራ ምጣድ ፀሐይ ይሁን። ያኔ ጁፒተር 6 ሴንቲ ሜትር፣ ተለቅ ያለች ሎሚ ናት። ምድር አንዲት የአተር ፍሬ ናት፤ 5 ሚሊ ሜትር ተኩል። ጨረቃችን ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ ብትል ነው። ልጆቹ ጤፏን ጣታቸው ጫፍ ላይ አድርገው ምጣዱን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ እወደዋለሁ።

ምጣዱን አሳይቶ ማቆምም ግን ስህተት ነው። ርቀቱስ? ጤፏ ከአተሯ የምትርቀው አንድ ስንዝር እንኳ በቅጡ አይሞላም። አተሯ ከምጣዱ የምትርቀው ግን ወደ 65 ሜትር ነው። በቀደም አንዲት ልጅ አተሯን ይዛ እርምጃ እየቆጠረች ከግቢ ወጣች። አስፋልቱን ተሻግራ «ጋሼ፣ ይበቃል?» ብላ ጮኸች። ገና ነበር።

ሌላው፣ «ትበልጣለች» ብሎ በምን እንደሆነ አለመናገር ነው። ፀሐይ ምድርን 109 ጊዜ ትበልጣለች ሲባል ትሰማላችሁ። 1.3 ሚሊዮን ጊዜ ትበልጣለችም ይባላል። ሁለቱም ልክ ነው። የመጀመሪያው ወርድ ነው፣ ሁለተኛው ይዘት። 109ን በ109፣ ውጤቱን እንደገና በ109 አባዙት፤ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ሬዲየስንና (ከመሃል እስከ ዳር) ዲያሜትርንም (ከዳር እስከ ዳር) አታምታቱ። የምድር 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየሷ ነው፤ ዲያሜትሯ 12,742 ነው።

ዓይንን መታመንም ያሳስታል። ፀሐይና ጨረቃ ከዚህ ሲታዩ እኩያ ይመስላሉ። ፀሐይ በወርድ 400 ጊዜ ያህል ብትበልጥም፣ ርቀቷም 400 ጊዜ ያህል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ የታየው ጨረቃ ያን ቀን ራቅ ብላ ስለነበር ነው፤ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አቃታት። ሙሉ ጨረቃ ንጋት ላይ ወደ ቶሳ ተራራ ስትወርድ ገዝፋ ትታያችኋለች። እጃችሁን ዘርግታችሁ በትንሿ ጣታችሁ ጋርዷት። እኩለ ሌሊትም ያቺው ጣት ትጋርዳታለች።

የመጨረሻው፣ ጨረቃ ሁሉ ከፕላኔት ያንሳል ማለት ነው። የጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድ 5,268 ኪሎ ሜትር ወርድ አላት። የሳተርኗ ታይታን 5,150። ፕላኔቷ ሜርኩሪ ግን 4,879 ብቻ ናት። ሚዛን ላይ ሲወጡ ነገሩ ይገለበጣል። ጋኒሜድ ግማሽ ያህሉ አካሏ በረዶ ነው፣ ሜርኩሪ ደግሞ አብዛኛዋ ብረት። ትንሿ ሜርኩሪ ጋኒሜድን ከእጥፍ በላይ ትከብዳለች።