የገዳይና የሰላይ ፊልም አተያይ፣ እንደ ድሬ ልጅ

ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሰው አያስወጣም። በርጫ ተይዟል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ አንዱ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ፊልም ይከፈታል። ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላ "ቆይ ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ የማን ወገን ነው?" የሚል አይጠፋም። አቦ፣ ያ ሰው አንተ እንዳትሆን ነው ይሄን የምጽፍልህ።

መጀመሪያ አክተሩን ለይ። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስናይ ሕጉ አንድ ነበር፤ አክተር አይሞትም። ያኔ ቀላል ነው፣ አክተሩ ደጉ፣ ቦሱ ክፉው። ቅጥር ገዳይ ያለበት ፊልም ላይ ግን አክተሩ ራሱ ነፍሰ ገዳይ ስለሚሆን በደግነቱ አትለየውም። በሚሳሳለት ነገር ለየው። ውሻ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የሞተች ሚስት ፎቶ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚያጠጣት አንዲት አበባ። ደራሲው እጁ ደም የነካውን ሰው ሊያስወድደን ስለሚቸገር ቶሎ ብሎ አንድ የሚወደው ነገር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ያችኑ ይነጥቀዋል። ውሻ ካየህ ስልክህን አስቀምጥ፤ ፊልሙ ተጀምሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱን። ሲአይኤ ሥራው የውጭ ስለላ ነው፣ ሰው የማሰር ሥልጣን የለውም። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ወንጀል የሚመረምረውና የሚያስረው ኤፍቢአይ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1865 ሲቋቋም ሥራው ሐሰተኛ ብር የሚያትሙትን ማሳደድ ነበር። እንግሊዝ ከሆነ ኤምአይ6 ውጭ፣ ኤምአይ5 አገር ቤት። ይሄን ከያዝክ የሲአይኤው ሰውዬ ኒውዮርክ መሀል ካቴና ሲያወጣ አንተ ብቻ ትስቃለህ።

አሁን ዋናው። ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ሱፍ የለበሰ፣ አክተሩን "እንደ ልጄ ነው የማይህ" የሚል አለቃ ብቅ ካለ ሌላ አትፈልግ፣ ከዳተኛው እሱ ነው። አንዴ በዚህ ተወራርጄ አለቃው በግማሹ በጥይት ሞተብኝና ለሁሉም ለስላሳ ገዛሁ። መጨረሻ ላይ ሞቱ የውሸት ሆኖ ተመልሶ መጣ፣ ለስላሳዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ስለ ሳይለንሰር፣ ስለ ሽጉጥ ድምፅ ማፈኛው። ፊልም ላይ "ትፍ" ብቻ ነው የሚለው። ውሸት ነው። የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ 160 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፣ ማፈኛው ከ20 እስከ 35 ያህል ነው የሚቀንስለት። የቀረውም ቢሆን ጆሮ ይበጥሳል። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተኩሶ፣ አጠገቡ ሻይ የሚጠጣው ሰው ዞር ሳይል ቀስ ብሎ ባጃጅ ተሳፍሮ መሄድ የሚባል ነገር የለም።

ጥይት ቁጠሩ፣ በጋራ ሲሆን ይጥማል። ግሎክ 17 የሚባለው ሽጉጥ በመደበኛ ካዝናው 17 ጥይት ይይዛል፤ አክተሩ ካዝና ሳይቀይር ሃያውን ካለፈ ጮክ ብለህ አጨብጭብ። የመኪና በር ኋላ የሚደበቀውንም አትመነው፣ ጥይት በሩን ይበሳዋል። የሚያድን ቢሆን ሞተሩ ነው።

ድብድቡ ላይ ካሜራውን እየው። ምስሉ በየሰከንዱ ከተቆራረጠ አክተሩ መደባደብ አይችልም፣ እየሸፈኑለት ነው። ኪያኑ ሪቭስ ገዳይ ሆኖ የሚሠራባቸውን ፊልሞች ያዘጋጀው ቻድ ስታሄልስኪ ድሮ የራሱ የሪቭስ ስታንት፣ ማለትም አደገኛውን ትዕይንት በእሱ ፈንታ የሚሠራለት ሰው ነበር፤ ለዚህ ይመስለኛል ካሜራውን ራቅ አድርጎ፣ ምቱን ከነእግሩ ከነእጁ የሚያሳየን።

ትርጉም ፊልም ከሆነ ተራኪው ራሱ ቀድሞ ይነግርሃል፣ አትድከም።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ማንም እንዳይነሳ። መጨረሻውን አንተ ተርክላቸው። አለቃውን እንዳትረሳው ብቻ።