ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት

ኮምፒውተር ለጥገና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምከፍተው ክሪስታልዲስክኢንፎን ነው። የዲስክን ጤና በቀለም የሚያሳይ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው። ሰማያዊ ካያችሁ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ጠርጥሩ፣ ቀይ ከሆነ ሌላውን ትታችሁ ፋይል መገልበጥ ጀምሩ።

እኔ ግን ቀለሙን ብቻ አላምንም። ከታች ባለው ሰንጠረዥ 05 እና ሲ5 (C5) የሚሉትን መስመሮች እዩ። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 ደግሞ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በጥርጣሬ የያዛቸውን። በቀኝ ጫፍ ያለው ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት። ሲ5 እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየተሰናበታችሁ ነው፤ ፎርማት አያድነውም።

በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል ዳታ ሲተላለፍ የሚፈጠር ስህተትን የሚቆጥረው ሲ7 (C7) ብቻ ከጨመረ ግን ዲስክ ለመግዛት አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ቀይሩትና ተከታተሉ። ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ በቃ።

ሙቀቱስ? ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሰላም ነው። 50ን ካለፈ የፋኑን አቧራ አራግፉ፤ ላፕቶፑንም ከብርድ ልብሱ ላይ አንሱት እባካችሁ። ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ሥራ በዝቶበት 60 ቢደርስ ግን አያስደነግጥም። ስትለኩ ትልቅ ፋይል እየገለበጣችሁ ይሁን፤ ገና እንደበራ የሚታየው ቁጥር ያታልላል።