ሙዚቃው ለበሽተኛው ነው ወይስ ለእኛ? ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

ታላቅ ወንድሜን ሞተር ሳይክል ገጭቶት ጭንቅላቱ የተጎዳ ጊዜ፣ ቡሬ ያለው ቤታችን ውስጥ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የገባው ስፒከር ነው። "ሙዚቃ አእምሮ ያድሳል" ያለን ሰው ነበር። ውሸት አይደለም። በሌላው ዓለም በሙዚቃ ለማከም ብለው የተማሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛ ቤት የነበረው ግን አስታማሚ፣ ሞባይልና ቅን ልብ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኛውን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ማንንም እየወቀስኩ አይደለም።

ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ መተው

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጤነኛ ሰው ገበያ መሃል ቆሞ ከጓደኛው ጋር ማውራት ይችላል፣ ምክንያቱም የማያስፈልገውን ድምፅ አእምሮው ያጣራለታል። የተጎዳ አእምሮ ግን ይህን ማጣራት ሊያቅተው ይችላል። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጠያቂው "እግዜር ይማርህ"፣ የቡናው ሙቀጫ፣ ሁሉም እኩል ይመጣበትና ቶሎ ይደክማል። እኛ ጠዋት የከፈትነውን ማታ ነበር የምንዘጋው፣ አያ ዓይኑን ሲጨፍን ደግሞ "አያችሁ፣ አረጋጋው" እንባባላለን። ለካ ከእኛ መሸሹ ነው! አንድ ዘመዳችን ደግሞ ደስ ይበለው ብሎ አዝማሪ ይዞ መጣ፤ ማሲንቆው ባልከፋ፣ ግን ግማሹ ሰፈር ተከትሎት ገባ።

መጀመሪያ ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ሰው ይቀነስ፣ ድምፁ ዝግ ይበል፣ ሲያልቅ ዝም ይባል። ፊቱን ካጨማደደ፣ ወደ ግድግዳው ከዞረ፣ ከተቁነጠነጠ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ፣ በአፉ ባይናገርም "በቃኝ" እያለ ነው። አጥፉት።

እኛ የምንወደውን መክፈት

ፊንላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አለ። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ለሁለት ወር በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙዚቃ እንዲያዳምጡ ተደረገ። በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ካዳመጡትና ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ የእነዚህ ቃላት የማስታወስና ትኩረት የመስጠት ችሎታ የተሻለ ተመለሰ። ሙዚቃውን የመረጡት ግን ራሳቸው ናቸው፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። (አንድ ሰዓት መባሉ እንዳያሳስታችሁ፣ የሚጨመረው ሰውየው እየቻለ ሲሄድ ነው።)

መናገር የማይችል ከሆነ ሚስቱንና ጓደኞቹን ጠይቁ፤ በሃያ ዓመቱ ምን ይሰማ ነበር? እህል ሲወቃ፣ መንገድ ሲሄድ ምን ያንጎራጉር ነበር? በእኛ በጎጃም ደግሞ ቅኔ ቤት ያደገ፣ ዘፈን ወደ ቤቱ የማያስገባ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው፣ ያውም በሁዳዴ፣ "ለጤናህ ነው" ብሎ ዘፈን ማስደመጥ ግፍ ነው። የያሬድ ዜማ፣ በገና፣ መዝሙር አለለት።

ፉከራና ሽለላ

"የጎጃም ልጅ አይደል፣ ፉከራ ሲሰማ ወኔው ይመለሳል" አለ አጎቴ፣ ገና ሆስፒታል ሳለን። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሰው የት እንዳለ የማያውቅበት፣ የሚቆጣበት፣ የሚታገልበት ጊዜ አለ፤ እኛ ሽለላውን የከፈትነው ልክ በዚያ ሰሞን ነበር። ጉሉኮሱን ከክንዱ ነቀለው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ለስለስ ያለ፣ የሚያውቀው፣ ድንገት የማይጮህ ነገር ነው።

ትዝታ ሰምቶ ካለቀሰስ? ማልቀስ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። የሞተ ሰው ወይም አደጋውን የሚያስታውሰው ዘፈን ከሆነ ግን ለጊዜው ይቅር።

"ዘፈነኮ! እያስመሰለ ነው"

"ውሃ" ማለት ያቃተው ወንድሜ አንድ ቀን እናታችን የልጅነት መዝሙር ስታንጎራጉር ቃሉን ከነዜማው ተቀበላት። ቤቱ እልልታ በእልልታ ሆነ። ማታ "ምን ይምጣልህ?" ብንለው ግን ዝም። ታናሻችን "ቅድም ሲዘምር አልነበር?" ብሎ ተናደደ፣ እኔም በሆዴ እንደዚያው ሳልል አልቀረሁም።

የአብዛኛው ሰው ንግግር ዋና ቦታው የአእምሮ ግራ ክፍል ነው፤ ዜማ ግን ቀኙንም ይጠቀማል። የተሸመደደ መዝሙር ሳይታሰብበት ይወጣል፣ አዲስ ዐረፍተ ነገር መሥራት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ መዳንም ማስመሰልም አይደለም። ቦስተን ያሉ ባለሙያዎች ከዚህ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1973 ንግግርን በዜማ የማለማመድ ዘዴ ይፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው አሜሪካዊቷ የቀድሞ የምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፎርድስም ቃላት ለመመለስ ከተጠቀመችባቸው ነገሮች አንዱ ሙዚቃ ነው።

ባለሙያ ካለ እሱ ይምራችሁ። አሠራሩ በአጭሩ፦ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ቃል ትመርጣላችሁ፣ ከፍና ዝቅ ባለ ድምፅ ታዜሙታላችሁ፣ ግራ እጁን ይዛችሁ ምቱን ትመታላችሁ። "ቡ" አንድ፣ "ና" ሁለት። አብሯችሁ ይላል፣ ቀስ በቀስ እናንተ ትተዋላችሁ፣ በኋላም ዜማው እየሳሳ ወደ ተራ ንግግር ይጠጋል። ይህ በደንብ የሚሆነው የሚባለው እየገባው መናገር ለሚያቅተው ሰው ነው።

መድኃኒቱን መተው

አጭር ነው፦ አትተዉ። ሙዚቃ የሐኪሙን ክኒንም ፊዚዮቴራፒውንም አይተካም። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው የሚጥል ሕመም ሊከተለው ይችላል፣ ጥቂት ሰዎችን ደግሞ ራሱ ሙዚቃው ይቀሰቅስባቸዋል። ዘፈን በተከፈተ ቁጥር የሚፈዝ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዝጉና ለሐኪሙ ንገሩ።

በሠርግ ዘፈን ማስኬድ

ምት ለእግር ይረዳል፣ ጆሮ የሚቀጥለውን ምት ሲጠብቅ እግርም አብሮ ይዘጋጃል። እኛ ግን የእስክስታ ዘፈን ከፍተን "በል ተራመድ" አልነው፤ እግሩ ምቱን ሊደርስበት ሲል ተጠላለፈና ለጥቂት ነው የያዝነው። መጀመር ያለበት ከእሱ እርምጃ ነው። ያለ ሙዚቃ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ ቁጠሩ፣ ከዚያ በዚያው ልክ አጨብጭቡ፣ አለዚያም ሞባይል ላይ ምት የሚቆጥር አፕ ጫኑ። እርምጃው እኩል ሲሆን ብቻ ትንሽ አፍጥኑት። በደካማው ጎኑ በኩል ሰው ይቁም።

አያ አሁን ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር በእናታችን ጭብጨባ ይሄዳል። ጭብጨባው ሲቆም እሱም ይቆማል፤ እሱን ገና እየተለማመድን ነው።